ዘጠኝ ሰው፣ አራት ታንኳ፦ የሚኒሶታ ሐይቆች የሚጠበቁበት ሥርዓት

በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት ከካናዳ ጋር በሚዋሰንበት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከአንድ ሺህ በላይ ሐይቆችን በደን መካከል የያዘ ጥብቅ ሥፍራ ይገኛል። ስሙ ባውንደሪ ዋተርስ ሲሆን፣ ትርጉሙም «የድንበር ውኃዎች» ማለት ነው። 440 ሺህ ሄክታር ገደማ ይሸፍናል፤ ይህም ጣና ሐይቅ ከሚሸፍነው ስፋት ይበልጣል። በአብዛኛው ክፍሉ የሞተር ድምፅ አይሰማም፤ ሆቴልም የመብራት ምሰሶም የለም። ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ለመጓዝ የፈለገ ሰው ታንኳ ይቀዝፋል። ውኃው ሲቋረጥ ታንኳውን በትከሻው ተሸክሞ በደኑ ውስጥ በእግሩ ያልፋል። ሲመሽም በዳርቻው ድንኳን ተክሎ ያድራል።

ወደዚህ ሥፍራ በየዓመቱ ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች ይገባሉ። ያን ያህል ሰው በቡድን በቡድን እየሆነ ሲቀዝፍ፣ ሲያበስልና ሲያድር ደኑ እንዳይራቆት፣ ውኃውም እንዳይበከል የሚያደርገው ምንድን ነው? በእያንዳንዱ ሐይቅ ዳር ጠባቂ ማቆም የማይቻል ነው። ሥፍራው የተጠበቀው በቁጥራቸው ጥቂት፣ በአገላለጻቸው ግልጽ በሆኑና እያንዳንዱ ቡድን ራሱ በሚፈጽማቸው ደንቦች ነው። ደንቦቹ ግን ያለ ዋጋ አልመጡም፤ ዋጋውን በቅድሚያ የከፈሉትም በአካባቢው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ።

ምድሩና ታንኳው

የአካባቢው ዓለት በምድራችን ላይ ካሉት እጅግ ጥንታውያን ዓለቶች የሚመደብ ሲሆን፣ ዕድሜው ከ2 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይገመታል። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ምድሩን ሸፍኖት የነበረው ግዙፍ የበረዶ ግግር ወደፊት ሲገፋና ወደኋላ ሲያፈገፍግ ዓለቱን ፈቅፍቆ ጎድጓዳ ሥፍራዎችን ተወ። በረዶው ሲቀልጥ ጎድጓዶቹ በውኃ ተሞሉ። ሐይቆቹ እንደ ሰንሰለት ተቀጣጥለው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። በአንዱና በሌላው መካከል ያለው የብስ አንዳንዴ ጥቂት እርምጃ ብቻ ሲሆን፣ አንዳንዴ ደግሞ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ለእንዲህ ዓይነት ምድር የሚስማማውን ጀልባ የፈጠሩት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። በአካባቢው የሚኖረው የኦጂብዌ ሕዝብ በርች ከተባለው ዛፍ ቅርፊት ቀላልና ጠንካራ ታንኳ ይሠራ ነበር። ታንኳው ሲቀደድ በዚያው ደን ውስጥ በሚገኝ ቅርፊትና ሙጫ ይጠገናል፤ ቀላል በመሆኑም ሰው ይሸከመዋል። ወደ አካባቢው የመጡት የፀጉራም ቆዳ ነጋዴዎችም ይህንኑ ታንኳ ተቀብለው ሠሩበት። የነጋዴዎቹ ቀዛፊዎች ከሐይቅ ወደ ሐይቅ በሚያሻግረው የእግር መንገድ ላይ እያንዳንዳቸው በተለምዶ ሁለት እስር ቆዳ ይሸከሙ ነበር። የአንዱ እስር ክብደት 41 ኪሎ ግራም ያህል ነበር።

የኦጂብዌ ሕዝብ ታንኳን ለጉዞ ብቻ አይጠቀምበትም። በጥልቀት አነስተኛ በሆኑ ውኃዎች ውስጥ በራሱ የሚበቅል እህል አለ፤ በቋንቋቸው «ማኖሚን» ይሉታል፤ ሌሎች «የዱር ሩዝ» ብለው ይጠሩታል። እህሉ ሲደርስ ሁለት ሰዎች በአንድ ታንኳ ይወጣሉ። አንዱ በረጅም ዘንግ ታንኳውን እየገፋ ይመራል፤ ሌላው በሁለት ቀላል በትሮች ዛላውን ጎንበስ እያደረገ ፍሬውን ወደ ታንኳው ውስጥ ያራግፋል። ወደ ውኃው የሚወድቀው ፍሬ ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1854 በተፈረመው ውል መሠረት በአካባቢው ያሉ የኦጂብዌ ማኅበረሰቦች የማደን፣ የማስገርና የመሰብሰብ መብታቸው ዛሬም የጸና ነው።

ከዘጠኝ ሰው በላይ ለምን አይፈቀድም?

ሥፍራውን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ የደን አገልግሎት የሚያስከብረው ዋና ደንብ በሁለት ቁጥሮች ይገለጻል። አንድ ቡድን ከዘጠኝ ሰውና ከአራት ታንኳ ሊበልጥ አይችልም። ደንቡ የሚሠራው በመግቢያው በር ላይ ብቻ አይደለም፤ በውኃ ላይም፣ በእግር መንገድም፣ በማደሪያም የጸና ነው። ሁለት የተለያዩ ቡድኖች በውስጥ ተገናኝተው አብረው እራት እንብላ ቢሉ እንኳ ድምራቸው ከዘጠኝ ከበለጠ አይፈቀድላቸውም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሃያ ሰው በአንድ ሌሊት የሚያድርበት ሣር ይረገጣል፤ ለሃያ ሰው የሚሆን ማገዶ ሲለቀም የአካባቢው ደረቅ እንጨት ያልቅና ዓይን ወደ እርጥቡ ዛፍ ይዞራል። ድንኳኖቹም ከተዘጋጀው ቦታ ወጥተው አዲስ መሬት ይይዛሉ። ዘጠኝ ሰው ግን በተዘጋጀው ማደሪያ ተወስኖ ሊያድር ይችላል።

ከሰው ቁጥር ሌላ የመግቢያ ቁጥርም የተወሰነ ነው። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 1 እስከ መስከረም 30 ባለው ወቅት ወደ ውስጥ ገብቶ የሚያድር ቡድን ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት አለበት። በእያንዳንዱ መግቢያ በቀን የሚገቡት ቡድኖች ቁጥር የተመጠነ ነው። ፈቃዱ መግቢያውንና ቀኑን ይወስናል፤ ቡድኑ ከገባ በኋላ ግን ወደ ፈለገበት ሐይቅ መሄድ ይችላል። ይህም ጎብኝው ከአንድ መግቢያ ተግተልትሎ እንዳይገባ እየከፋፈለ፣ ነፃነቱን ግን ሳይነፍገው የሚሠራ ዘዴ ነው። የቡድኑ መሪ ፈቃዱን ሲረከብ ስለ ደንቦቹ የሚያስረዳ ፊልም ይመለከታል፤ ለሚቀርብለትም ጥያቄ ይመልሳል።

የቀሩት ደንቦች ከዚሁ የሚከተሉ ናቸው። በጣሳና በጠርሙስ የታሸገ ምግብና መጠጥ ማስገባት ክልክል ነው፤ የማይበሰብስ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ካልገባ ከውስጥ የሚለቅም አያስፈልግምና። እሳት የሚነደው በተፈቀደ ማደሪያ ውስጥ በተተከለው የብረት ምድጃ ብቻ ነው። እርጥብ ዛፍ አይቆረጥም፤ ማገዶ የሚለቀመው ከመሬት ላይ ከወደቀ ደረቅ እንጨት፣ ያውም ከማደሪያው ራቅ ብሎ ነው። በየማደሪያው ከኋላ በደኑ ውስጥ መጸዳጃ ተዘጋጅቷል። ሳህን የሚታጠብበት ውኃ ከሐይቁ ተቀድቶ ራቅ ካለ ቦታ ይደፋል እንጂ ሳሙና ወደ ሐይቁ አይገባም።

የቡድኑ የሥራ ድርሻ

በእንዲህ ዓይነት ጉዞ ላይ ቡድኑ የሚረዳው ሰው ከሌላ ቦታ አይጠብቅም። ስለዚህ ሥራው ከመነሻው ይከፋፈላል። በታንኳው ከኋላ የሚቀመጠው ቀዛፊ አቅጣጫ ይመራል፤ ከፊት የሚቀመጠው ኃይል ይጨምራል፤ ከውኃው ሥር የተደበቀ ድንጋይም አይቶ ያስጠነቅቃል። ዕቃው በመካከል ዝቅ ብሎ ይጫናል፤ ሸክም ከፍ ባለ ቁጥር ታንኳ በቀላሉ ይገለበጣልና።

ወደ የብስ ሲደረስ አንዱ ሰው ታንኳውን ገልብጦ በትከሻው ያነሣዋል። በታንኳው መካከል ከወገን ወደ ወገን የተጋደመችው፣ በትከሻ ላይ የምታርፈው እንጨት በእንግሊዝኛ የምትጠራው በበሬ ቀንበር ስም ነው፤ ለሥራዋም የሚመጥን ስም ነው። ከቀላል ዘመናዊ ቁስ የተሠራ የሁለት ሰው ታንኳ 20 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የአሉሚኒየሙ ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ነው። የሸክም መንገዱ ርዝመት እስከ ዛሬ የሚለካው «ሮድ» በተባለ ጥንታዊ መለኪያ ሲሆን፣ አንድ ሮድ 5 ሜትር ያህል፣ ማለትም የአንድ ታንኳ ርዝመት ገደማ ነው።

ማደሪያ ሲደረስ ድንኳን የሚተክለው፣ ማገዶ የሚለቅመው፣ ውኃ የሚያፈላውና የሚያበስለው ይለያል። የሐይቁ ውኃ ጥርት ብሎ ቢታይም የሆድ ሕመም የሚያመጡ ተሕዋስያን አይጠፉበትም። ስለዚህ ይጣራል ወይም ይፈላል። የጤና ባለሙያዎች ምክር ውኃው ከተንተከተከ በኋላ አንድ ሙሉ ደቂቃ እንዲፈላ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ከፍ ባለ አገር ግን ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ሦስት ደቂቃ መፍላት ይኖርበታል። ይህ ምክር ከሚኒሶታ ይልቅ ለኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪ የበለጠ ይጠቅማል።

ከመተኛት በፊት የመጨረሻው ሥራ ምግቡን ከድብ መጠበቅ ነው። በአካባቢው ጥቁር ድብ ይኖራል። ድቡ ሰውን ፍለጋ አይመጣም፤ የሚመጣው ሽታን ተከትሎ ነው። ስለዚህ ምግብ ብቻ ሳይሆን ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ጭምር ድብ ሊከፍተው በማይችል ዕቃ ይቆለፋል፤ አለዚያም ከዛፉ ግንድ ርቆ፣ ከመሬትም ከሦስት ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በገመድ ይሰቀላል። አንድ ቡድን በቸልተኝነት ያበላው ድብ በማግስቱ ወደ ሌላው ቡድን ይሄዳል። የአንዱ ስሕተት ለሌላው የሚተርፍ ዕዳ መሆኑ በግልጽ ከሚታይባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ቀዝቃዛ ውኃ፣ መብረቅና እሳት

ለቀዛፊዎች ትልቁ ሥጋት ግን ድብ ሳይሆን ውኃው ነው። በረዶው በጸደይ ከቀለጠ በኋላ ሐይቆቹ ለሳምንታት እጅግ ቀዝቃዛ ሆነው ይቆያሉ። ባለሙያዎች አደጋውን በሦስት ቁጥሮች ያስተምራሉ፤ አንድ፣ አሥር፣ አንድ። በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ ያህል አለው። እጅና እግሩ የሚታዘዙለት ለአሥር ደቂቃ ያህል ነው። ከብርዱ የተነሣ ራሱን የሚስተው ደግሞ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ብዙዎች የሚሞቱት ሙቀታቸው ከማለቁ አስቀድሞ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በመስጠም ነው። የሚያንሳፍፍ ጃኬት በታንኳው ውስጥ ተቀምጦ ሳይሆን በሰውነት ላይ ተለብሶ መገኘት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ዋና መቻልም ብቻውን አያድንም።

ነጎድጓድ ከተሰማ ታንኳ ሁሉ ወደ ዳር ይወጣል፤ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ውኃ አይመለስም። በተንጣለለ ሐይቅ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ቀዛፊው ራሱ ስለሆነ መብረቅ በቀላሉ ያገኘዋል።

እሳትም እንዲሁ ይፈራል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2011 በመብረቅ የተነሣው የፓጋሚ ክሪክ ቃጠሎ ለሳምንታት በዝግታ ሲነድ ቆይቶ፣ በመስከረም ወር በአንድ ቀን ውስጥ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ገሠገሠ። በድምሩም ከ37 ሺህ ሄክታር በላይ አቃጠለ። ጎብኝዎችን ለማስወጣት በውኃ ላይ ተሠማርተው የነበሩ የደን ሠራተኞች እሳቱ ቀድሟቸው፣ እሳት በሚከላከል መጠለያ ተሸፍነው ለማምለጥ ተገደዱ፤ ሕይወት ግን አልጠፋም። በዚህ ሥፍራ ከመነሣት በፊት የአየር ጠባይንና የእሳት ማስጠንቀቂያን መጠየቅ፣ የጉዞ መሥመርንና የመመለሻ ቀንንም ለቤተሰብ ትቶ መሄድ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ዋጋውን ማን ከፈለ?

ዛሬ ጎብኝው የሚያደንቀው ጸጥታ በሕግ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን አውሮፕላኖች በሥፍራው ላይ ዝቅ ብለው እንዳይበሩ የሚከለክል ትእዛዝ ሰጡ። በ1964 የወጣው የዱር ሥፍራዎች ሕግ አካባቢውን በጥበቃ ውስጥ አካተተው፤ ሞተርንና እንጨት ቆረጣን በተመለከተ ግን ልዩ ሁኔታዎችን ትቶ ነበር። እነዚህን በአብዛኛው የዘጋው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1978 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የፈረሙት ሕግ ነው። እንጨት ቆረጣ ተከለከለ፤ የሞተር ጀልባም ከጊዜ በኋላ ከጠቅላላው የውኃ ስፋት አንድ አራተኛ ገደማ በሚሆነው ብቻ ተወሰነ።

በአካባቢው ባለችው በኢሊ ከተማ ሕጉ ከባድ ቁጣ አስነሣ። በርካታ ነዋሪዎች በሞተር ጀልባ ዓሣ ያጠምዱ፣ እንግዳ ያስተናግዱና ከዚሁ ይተዳደሩ ነበር። ውሳኔው ከሩቅ ከተማ በመጡ ሰዎች የተጫነብን ነው ሲሉ ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. በ1977 በኢሊ በተካሄደው የሕዝብ አስተያየት መስሚያ ጉባኤ ወቅት፣ ተቃዋሚዎች ለጥበቃው ይከራከር የነበረውን የዚያችኑ ከተማ ነዋሪ ደራሲ ሲጉርድ ኦልሰንን የሚወክል አሻንጉሊት በአደባባይ ሰቅለዋል። ጎረቤት ከጎረቤት የተለያየበት ያ ቅሬታ ለዓመታት አልበረደም።

በጥብቁ ሥፍራ ውስጥ ቤት የነበራቸውም ለመልቀቅ ተገደዋል። ከእነርሱ መካከል ናይፍ በተባለው ሐይቅ ደሴት ላይ ትኖር የነበረችው ነርስ ዶሮቲ ሞልተር ትታወሳለች። በታንኳ ለሚያልፉ መንገደኞች በቤቷ የተጠመቀ ለስላሳ መጠጥ ታቀርብ፣ የታመመም ትረዳ ነበር። መንግሥት ልትለቅ ይገባል ቢልም ብዙዎች ስለ እርሷ ተከራክረውላት እስከ ዕለተ ሞቷ እንድትኖር ተፈቀደላት። እ.ኤ.አ. በ1986 ስታርፍ የሥፍራው የመጨረሻ ነዋሪ ነበረች። ጎጆዎቿም ወደ ኢሊ ተወስደው ሙዚየም ሆነዋል።

ከዚያ ወዲህ በኢሊና በአካባቢው ታንኳ፣ ድንኳንና ስንቅ የሚያከራዩና የሚያዘጋጁ የንግድ ቤቶች ተስፋፍተዋል። ክርክሩ ግን አላበቃም። ከሐይቆቹ ወደ ላይ፣ ውኃው ከሚፈስስበት አቅጣጫ የመዳብና የኒኬል ማዕድን ይውጣ አይውጣ የሚለው ጥያቄ ነዋሪውን ዛሬም ይከፋፍለዋል። አንዱ ወገን ለልጆቻችን ቋሚ ሥራ ያስፈልጋል ሲል፣ ሌላው ወገን ውኃው አንዴ ከተበከለ መመለሻ የለውም ይላል።

ለጣና ዳርቻና ለስሜን የሚሰጠው ትምህርት

የጣና ዳርቻ ነዋሪ ይህን ታሪክ ከቅርብ ያውቀዋል። እንደ ኦጂብዌ የቅርፊት ታንኳ ሁሉ፣ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የሚታወቅበት የደንገል ታንኳም እዚያው ከሚበቅል ተክል የሚሠራ ነው። ደንገሉ ከሌለ ታንኳው አይኖርም፤ የታንኳው ዕድሜ ከዳርቻው ጤንነት ጋር የተሳሰረ ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሰውና የከባቢ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ቢመዘገብም፣ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የታየው የእምቦጭ አረም ዓሣ አስጋሪውን፣ ከብት አርቢውንና ገበሬውን አስጨንቋል።

በሚኒሶታ ሕግ ጀልባውን ከውኃ የሚያወጣ ሰው ሁሉ የተጣበቀበትን ተክል ማራገፍና በውስጡ የቀረውን ውኃ ማፍሰስ ግዴታው ነው። አንዲት ቅንጣቢ መጤ ተክል ወይም ለዓይን የማትታይ የውኃ ፍጥረት ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው የምትሻገረው በጀልባ ላይ ተጣብቃ ነውና። ይህ ልማድ ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቅም። እምቦጭ ከተሰበረ ቅንጣቢው እንኳ የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ፣ ከጀልባና ከመረብ ላይ ማራገፍ፣ የተነቀለውንም ከውኃው ርቆ ማድረቅ በየትኛውም ሐይቅ ዳር ሊለመድ የሚችል ነው።

የመግቢያው ደንብ ትምህርት እንዳለው ሁሉ የኢሊ ቁጣም ትምህርት አለው። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ተነሥተው ወደ ሌላ ሥፍራ ሰፍረዋል፤ በማግስቱ ዓመትም ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጥቷል። ቅርሱን ለመጠበቅ ቀዬውን የለቀቀው አርሶ አደር፣ እንደ ኢሊው ጀልባ ነጂ ሁሉ፣ የሌሎች እንግዶች ደስታ በእርሱ ኪሳራ እንዳይቆም የመጠየቅ መብት አለው። በቅሎ ማከራየት፣ መንገድ መምራትና ስንቅ ማዘጋጀት በቅድሚያ ለእርሱና ለልጆቹ ሲደርስ ጥበቃው ጠባቂ ያገኛል።

በቡድን ወደ ሐይቅ፣ ወደ ደን ወይም ወደ ተራራ ለመውጣት የሚያስብ የትምህርት ቤት ክበብ፣ የወጣቶች ማኅበር ወይም ቤተሰብ ከሚኒሶታው ሥርዓት ወስዶ ሊጀምርባቸው የሚችላቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። የቡድኑን ቁጥር ከማደሪያው አቅም ጋር ማመጣጠን፣ ሥራን ከመነሣት በፊት መከፋፈል፣ በውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ጃኬትን መልበስ፣ የጉዞውን መሥመርና የመመለሻውን ቀን ለቤተ ሰብ መንገር፣ የያዙትን ሁሉ ይዞ መመለስ። ለእነዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ከመነሣት በፊት የሚደረግ የአንድ ምሽት ምክክር ነው።